ያገለገለች ታንኳ የሸጠ ሰው

ሰው ገንዘቡን በሚሸጥበት ጊዜ ኹለት ነገር ለገበያ ያወጣል፤ አንደኛው በዓይን የሚታየው ዕቃ ነው፤ ኹለተኛው በዓይን የማይታየው ቃሉ ነው። ዕቃው ከእጁ ወጥቶ ይኼዳል፤ ቃሉ ግን ከርሱ ጋራ ይቀራል። አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ከገዢው እጅግ አይበልጥም፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን ገዢው የማያውቀውን ብዙ ነገር ያውቃል። በሬው የትኛውን እግሩን እንደሚያነክስ፥ ቤቱ በየትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ፥ ታንኳዪቱ በየት በኩል ውሃ እንደምታስገባ ለብዙ ዘመን የያዘው ሰው ያውቃል። የሚያውቀውን ይገልጠው ወይም ይሰውረው እንደ ኾነ በሽያጩ ቀን ይፈተናል። ከዚህ በታች የተጻፈው እንዲህ ባለ ፈተና ስለ ገባ አንድ የቡሹሎ ሰው ነው።

ቡሹሎ በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። ዛሬ ከሐዋሳ ከተማ ጋራ ይቈጠራል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጤና ጣቢያ ስላለበትም በአካባቢው ኹሉ የታወቀ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እጅግ በሚጠልቅበትም ስፍራ 20 ሜትር ያህል ይወርዳል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከርሱ ግን በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ኾኖም ውሃው እንደ ሻላ ሐይቅ ጨዋማ አይደለም። በጥዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣበታል፤ ማዕበሉም ትንንሾቹን ታንኳዎች ያስጨንቃል። በዳር ባለው ቄጠማ ውስጥ ጉማሬዎች ይኖራሉ። አስጋሪዎችም ቆሮሶና አምባዛ እያጠመዱ በአሞራ ገደል ባለው የዓሣ ገበያ ይሸጣሉ።

በዚህ ሐይቅ ዳር አንድ አስጋሪ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከውሃ ጋራ የኖረ፥ መረብ መጣልና ታንኳ መቅዘፍ ከአባቱ የተማረ ሰው ነው። ጐረቤቶቹ አስጋሪዎች የሚይዙት ባለ አንድ ሆድ የዕንጨት ታንኳ ነበረ፤ እርሱ ግን አንድ ቀን በአንድ መጽሔት ላይ የመንታ ጀልባ ሥዕል አየ። ኹለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጐን ለጐን ቆመው፥ በላያቸው አግዳሚ ዕንጨት ተጋድሞ፥ በአግዳሚዎቹም ላይ ሳንቃ ተረብርቦ እንደ አልጋ ኾኖ ነበረ። ያችን ሥዕል እያየ ከታናሽ ወንድሙ ጋራ አንድ በጋ ሙሉ ሠራ። ርዝመቷ 7 ሜትር ኾነ፤ ኹለቱንም ታንኳዎች በሦስት አግዳሚዎች አያያዟቸው፤ በመካከል ምሰሶ ተከሉ፥ ሸራ አበጁላት፥ ለጥላም ትንሽ ዳስ ሠሩላት፤ በኋላም ያገለገለ ትንሽ ሞተር በዱቤ ገዙላት። ሰዎችም «መንታዪቱ» ብለው ጠሯት።

የፈረንጅ አገር ሰዎች እንዲህ ያለችውን ጀልባ ካታማራን ይሏታል፤ ቃሉ ግን ከደቡብ ህንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የታሰረ ዕንጨት ማለት ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉ የፖሊኔዥያ ሰዎችም ካርታና ኮምፓስ ሳይኖራቸው በመንታ ታንኳ እየተጓዙ እጅግ የተራራቁ ደሴቶችን አግኝተው ሰፈሩባቸው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ናታንኤል ሄርሾፍ የተባለ አሜሪካዊ አማሪሊስ የተባለች መንታ ጀልባ ሠርቶ በኒው ዮርክ ውድድር ሌሎቹን ቀደመ፤ የተቀደሙትም «ይህች ጀልባ እንደኛዎቹ አይደለችም» ብለው ተቃወሙት። በ1955ና በ1956 ደግሞ ጄምስ ዋረም የተባለ እንግሊዛዊ ራሱ በሠራት 7 ሜትር ያህል በምትረዝም መንታ ጀልባ ከኹለት ሴቶች ጋራ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻገረ። የዚህች ጀልባ ብልሃቷ ስፋቷ ነው፤ ኹለት እግሯን አራርቃ የምትቆም ስለ ኾነች በቶሎ አትገለበጥም፤ ሆዷም ቀጭን ስለ ኾነ ውሃውን በቀላሉ ትሰነጥቃለች። ድካሟ ደግሞ በመያዣዋ ላይ ነው። ማዕበል አንዱን ታንኳ ሲያነሣ ሌላውን ያወርዳልና፥ የመጣመሙ ኀይል ኹሉ ኹለቱን በሚያያይዙት አግዳሚዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ መንታ ጀልባን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የሆዷን ማማር ሳይኾን የመጋጠሚያዋን ጽናት ነው።

መንታዪቱ ዘጠኝ ዓመት አገለገለች። በሥራ ቀን መረብ ትጭናለች፤ በእሑድና በበዓል ቀን ሐይቁን ለማየት የሚመጡትን እንግዶች ታዞራለች፤ የታቦርን ተራራም ከውሃው ላይ ኾነው ያዩ ነበረ። ከተሸጠችበት ጊዜ ኹለት ክረምት በፊት ግን አንድ ነገር ኾነ። ከቀትር በኋላ ሰውዬው ስድስት ሰዎች ጭኖ ከማዶ ሲመለስ ነፋስ ተነሣ፤ የኋለኛው አግዳሚ ከግራው ታንኳ ጋራ ከተጋጠመበት ስፍራ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። አግዳሚው ተሰንጥቆ ነበረ። ሰውዬው በገመድ አስሮ፥ ተሳፋሪዎቹን ወደ ፊት አስጠግቶ፥ በጭንቅ ወደ ዳር ደረሰ። በማግሥቱ ስንጥቁን በቅጥራን ደፈነው፤ በላዩም ቆርቆሮ መታበት። ዕንጨቱን መለወጥ እንደሚገባው ያውቅ ነበረ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላልነበረው «ለዛሬ ይኹን» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቀትር በኋላ ከዳር አልራቀም፤ ከሦስት ሰው በላይም አልጫነም። ታንኳዪቱ ደኅና የምትመስለው እርሱ ስለሚጠነቀቅላት ነበረ እንጂ ደኅና ስለ ኾነች አልነበረም።

እንዲህ ሲኾን እጆቹን ቍርጥማት ያዘውና መረብ መሳብ ተሳነው። ወንድሙም ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ኼዶ ነበረ። የበኵር ልጁ የነርስነት ሙያ ለመማር በአንድ ኮሌጅ ተቀባይነት አገኘች፤ ክፍያው በመስከረም ወር የሚከፈል ነበረ፤ የሞተሩም ዕዳ ገና አላለቀም። ስለዚህ በሐምሌ ወር ታንኳዪቱን ይሸጣት ዘንድ ቈረጠ። አንድ ደላላ መጥቶ ዞሮ አያት፤ ቆርቆሮውንም ባየ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፥ ይህን ያየ ሰው ግማሹን ዋጋ እንኳ አይሰጥዎትም። ቆርቆሮውን ይንቀሉት፤ ስንጥቁን በሙጫና በሰጋቱራ ይሙሉት፤ ከዚያም ታንኳዪቱን በሞላ ሰማያዊ ቀለም ይቀቧት። እኔ ገዢ አመጣለኹ፤ የማመጣውም በጥዋት ነው» አለው። «እኔ ሐሰት አልናገርም» ሲል መለሰ ሰውዬው። ደላላውም ሣቀና፥ «ሐሰት ይናገሩ ያለዎት ማን ነው? ካልጠየቀ አይንገሩት፤ ይኸው ነው» አለው።

በማግሥቱ ሰውዬው ከዐሥራ አንድ ዓመት ልጁ ጋራ ታንኳዪቱን ይቀባ ጀመር። ልጁ የቀለሙን ጣሳ ይዞ ይከተለው ነበረ። የኋለኛውን አግዳሚ አንድ ጊዜ ቀቡት፤ በደረቀም ጊዜ ስንጥቁ እንደ ክር ኾኖ ታየ። ኹለተኛ ቀቡት፤ አኹንም ታየ። ሦስተኛ ሲቀቡት ልጁ፥ «አባባ፥ ሌላውን ኹሉ አንድ ጊዜ ቀባን፤ ይህን ብቻ ሦስት ጊዜ የምንቀባው ለምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም ፊቱን ሳያነሣ፥ «ይህ ስፍራ ቀለም ይጠጣል» አለው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ የበሰበሰ ዕንጨት ቀለም ይጠጣልና። ነገር ግን እውነት ተናግሮ ያሳተው የገዛ ልጁን ስለ ኾነ በልቡ ከበደው።

በነሐሴ መጨረሻ ደላላው አንድ ወጣት ይዞ በማለዳ መጣ። ወጣቱ በከተማ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ነበረ፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብና የደረሰውን ዕቍብ አንድ አድርጎ የራሱን ሥራ ለመጀመር ይሻ ነበረ። ሐይቁ በዚያን ሰዓት ቅጠል የማይነቀነቅበት ጸጥታ ነበረበት። ታንኳዪቱም አዲስ ቀለሟን ለብሳ፥ ጥላዋ በውሃው ላይ ወርዶ፥ እንደ ሙሽራ ታየች። ወጣቱ ጥቂት ቀዘፈባት፤ ሞተሯን አስነሣ፤ ሳንቃዋን በእግሩ ረገጠና ደስ አለው። ስለ ሞተሩ ጠየቀ፤ ስለ ሸራው ጠየቀ፤ ስለ አግዳሚዎቹ ግን አልጠየቀም፤ ስለ መንታ ጀልባ ምን እንደሚጠየቅ አያውቅም ነበረና። ዋጋውን በ150 ሺህ ብር ቈረጡ፤ ወጣቱም 10 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠና ቀሪውን በሦስተኛው ቀን ሊያመጣ ቃል ገባ።

እንደ አገሩ ልማድ ገዢውና ደላላው ወደ ቤት ገብተው ቡና ተፈላላቸው። የሰውዬው ሚስት ቡናውን እየቀዳች፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይባርክልኽ፤ በምን ሥራ ልታውላት አስበኻል?» አለችው። ወጣቱም፥ «እትዬ፥ ሰው ላመላልስባት ነው። አስቀድሜ ግን እናቴን ከማዶ ካለችው እኅቷ ዘንድ አደርሳታለኹ፤ እግሯ ስለ ደከመ በየብስ መዞሩ አቃታት። በመስቀል ማግሥት እርሷንና ባለቤቴን፥ ገና ዐራት ወር የኾነውንም ልጃችንን ይዤ እሻገራለኹ» አለ። ሰውዬው ስኒውን ወደ አፉ ሳያደርስ መለሰው። «በስንት ሰዓት?» ብሎ ጠየቀ። «ከቀትር በኋላ ነዋ፤ ጥዋት ሥራ አለብኝ» አለ ወጣቱ። ደላላውም ነገሩን ለመለወጥ ስለ ሞተሩ ያወራ ጀመር።

በዚያች ሌሊት ነፋስ ነበረ። ሰውዬው ተኝቶ ውሃው ዳሩን ሲመታ ይሰማ ነበረ። በልቡም ብዙ ምክንያት አቀረበ፤ «ገዢው ዐዋቂ ነው፤ ዓይን አለው፤ ይመርምር። እኔ አልዋሸኹም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። ኹለት ዓመት የቈየ አግዳሚ ሦስተኛም ይቈይ ይኾናል። ልጄ ደግሞ ትምህርቷ ሊያልፋት ነው» አለ። እነዚህ ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ውሸት የላቸውም፤ ነገር ግን ኹሉም ወደ አንድ ስፍራ ይመልሱት ነበረ፤ ይኸውም ሦስት ጊዜ የተቀባው ዕንጨት ነው። ነውርን ያልገለጠ ሰው ዝም አለ ሊባል ይችላል፤ ነውርን የቀባ ሰው ግን ዝም አላለም፤ «ይህ ስፍራ ደኅና ነው» ብሎ በብሩሹ ተናግሯል። የአባቶች ምሳሌ፥ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል። ሰውዬውንም ያሳሳቀው ሐይቁ ሳይኾን የራሱ ምክንያት እንደ ነበረ፥ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ገባው።

ሲነጋ ሚስቱን አስነሥቶ ነገሩን ኹሉ ነገራት። እርሷም ጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፥ «ልጅቱን ምን እንበላት?» አለች። «እውነቱን እንነግራታለን» አላት። ከዚያም 10 ሺሁን ብር በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ከተማ ኼደ። ወጣቱን በሱቁ በር አገኘውና፥ «ልጄ፥ ገንዘብኽን ይዤ መጣኹ። ታንኳዪቱ ነውር አለባት፤ የኋለኛው አግዳሚ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ውስጡም ሳይበሰብስ አልቀረም። እንዳታየው ብዬ ቀባኹት። ነፋስ ሲመታት ይሰበር ይኾናል። እናትኽንና ሕፃንኽን እንዳታሳፍርባት» አለው።

ወጣቱ በመጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ በገባውም ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፥ ቡናዎን ጠጥቼ የወጣኹት ትናንት ነው። ትናንት ስለምን አልነገሩኝም?» አለ። ሰውዬው የሚያመካኘው ቃል አልነበረውም። «የኔ ነውር እርሱ ነው» አለ። ወጣቱም ገንዘቡን ቈጥሮ ተቀበለና ሳይሰናበተው ወደ ሱቁ ገባ። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ እውነት የተናገረ ሰው ኹልጊዜ ወዲያው አይመሰገንም። ዘግይቶ የተነገረ እውነት ከነቀለሙ ስለሚመጣ፥ ሰሚው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው።

ደላላውም በሰማ ጊዜ፥ «እኔን አዋረዱኝ፤ ራስዎንም አደኸዩ» ብሎ ተቈጣ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ቤቱ አልመጣም። መስከረም ጠባ፤ የልጅቱም የክፍያ ቀን ቀረበ። ሰውዬው ወደ ዳር ወርዶ ቀለሙን ከአግዳሚው ላይ በካራ ይፍቅ ጀመር፤ ልጁም አብሮት ይፍቅ ነበረ። ያን ጊዜ ልጁ ጥያቄውን አልደገመም፤ አባቱ ግን ሳይጠየቅ፥ «ሦስት ጊዜ የቀባነው ስንጥቁን ለመሰወር ነበረ፤ አንተንም አሳትኹኽ» አለው።

በመስከረም ዐሥረኛው ቀን ወጣቱ ተመለሰ። ብቻውንም አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ አናጢ አስከትሎ፥ በጥዋት ሳይኾን ከቀትር በኋላ መጣ። ታንኳዪቱን ከውሃ አውጥተው በግንድ ላይ አስቀመጧት። አናጢው ትንሽ መዶሻ ይዞ፥ ከፊት እስከ ኋላ ዕንጨቱን ቀስ እያለ እየመታ፥ ጆሮውንም እያስጠጋ ይሰማ ጀመር።

ይህ ዐይነት ምርመራ በሩቅ አገርም የታወቀ ነው። በባሕር ዳር አገሮች ያገለገለ መንታ ጀልባ የሚገዛ ጠንቃቃ ሰው አስቀድሞ መርማሪ ይቀጥራል፤ መርማሪውም ጀልባዪቱን ከውሃ አስወጥቶ ሆዷን በትንሽ መዶሻ እየመታ ያዳምጣል። ደኅናው ስፍራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃ የገባበት ወይም የተላቀቀው ስፍራ ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አግዳሚዎቹ የተጋጠሙበትን፥ ምሰሶው የቆመበትን፥ ገመዶቹንና ሸራዎቹን፥ መሪውንና ሞተሩን ይመለከታል፤ በመጨረሻም ወደ ውሃ አውርዶ በጕዞ ይፈትናታል። የአገራችን እናቶችም ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ በገበያ እንስራ ወይም ጋን ሲገዙ በጣታቸው ያንኳኩታል፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ይወስዱታል፥ የሚታፈነውን ይተዉታል። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ ድምፅን ግን አይለውጥም።

አናጢው የኋለኛውን አግዳሚ መታ፤ ድምፁ የታፈነ ነበረ። ሰውዬውም «ያልኹት ይህን ነው» አለ። አናጢው ቀጥሎ የፊተኛውን አግዳሚ በቀኝ በኩል መታና ቆመ። እዚያም ድምፁ የታፈነ ነበረ። ሰውዬው ደነገጠ፤ ይህን እርሱም አያውቅም ነበረ። ከብሎኑ ሥር የገባ የዝናብ ውሃ ዕንጨቱን ከውስጥ አበስብሶት ነበረ። አናጢውም ቀና ብሎ፥ «ይህንንስ ያውቁ ነበረን?» አለ። ሰውዬው ከመመለሱ በፊት ወጣቱ፥ «አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ይነግሩኝ ነበረ» አለ። ሰውዬው ከዚያ ቀደም ከተቀበለው ዋጋ ኹሉ ይህ ቃል በለጠበት።

አናጢው ለኹለት አዲስ አግዳሚና ለድካሙ 45 ሺህ ብር ገመተ። ከብዙ ንግግርም በኋላ የታንኳዪቱ ዋጋ 95 ሺህ ብር ኾነ፤ ከመጀመሪያው 55 ሺህ ብር ጐደለ። የሞተሩ ዕዳ ሲከፈል የቀረው ለልጅቱ ትምህርት አልበቃም። ስለዚህ ሰውዬው ለመውለድ የተቃረበችውን ጊደሩን ሸጠ፤ በዚያም ዓመት በቤታቸው ወተት አልነበረም። ጊደሪቱንም ሲሸጥ አጥር እንደምትጥስ አስቀድሞ ተናገረና ከርሷም ዋጋ ጥቂት ተቀነሰበት። ይህን መጻፍ የሚያስፈልገው፥ እውነት ምንም እንደማያስከፍል አድርገው የሚያስተምሩ ስላሉ ነው። እውነት ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም የአንዲት ጊደር ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን የእውነት ዋጋ በገበያ ተቈጥሮ ያልቃል፤ የሐሰት ዋጋ ስንት እንደ ኾነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ከቀትር በኋላ በሐይቁ መካከል ይታወቃል።

ውሉን በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት ጻፉት። የታንኳዪቱ ርዝመት፥ የተሠራችበት ዓመት፥ የሞተሩ ዕድሜ፥ የኹለቱም አግዳሚዎች ነውር አንድ በአንድ ተጻፈ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ነውር ዋስ እንዲኾን ያዛል። ገዢው ነውሩን ዐውቆ ከገዛ ግን ሻጩ በዚያ ነገር አይጠየቅም። «ለነውሩ ዋስ አልኾንም» የሚል ቃል በውል ቢጻፍ እንኳ፥ ሻጩ ነውሩን በተንኰል ሰውሮ እንደ ኾነ ያ ቃል አይጠቅመውም። ገዢም የተቀበለውን ዕቃ በቶሎ መርምሮ ነውር ቢያገኝ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ነውሩን የሚያስጽፍ ሻጭ ገዢውን ብቻ ሳይኾን ራሱንም ያድናል።

በሲዳማ ሕዝብ ዘንድም እውነት ሃላሌ ይባላል፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ የሚፈልጉት እርሱን ነው። ንግግሩንም «አፊኒ» በሚለው ቃል ያነሡታል፤ ትርጓሜው «ሰማችኹ ወይ?» ማለት ነው። ይህ ቃል ለሻጭ ኹሉ የሚገባ ነው። ገዢው የሚገባውን ነገር ኹሉ ሰምቷልን? ሰምቶ ከገዛ ቢያተርፍም ቢከስርም የራሱ ፈቃድ ነው፤ ሳይሰማ ከገዛ ግን የገዛው ታንኳ ሳይኾን ወጥመድ ነው።

ለገዢም ደግሞ የሚነገር ነገር አለ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ በጸጥታ ሰዓት ብቻ አይመልከት፤ ዕቃው በሚደክምበት ሰዓት ይፈትነው። የማያውቀውን ዕቃ ከሚያውቅ ሰው ጋራ ኾኖ ይመርምር። ዋጋ ለማስቀነስም የሌለ ነውር አያውጣ፤ ደኅናውን ሸራ «ተቀዷል» ብሎ የሚያጣጥል ገዢ፥ የተቀደደውን «ደኅና ነው» ከሚል ሻጭ አይሻልም። ዕቃ ማርጀቱ አያሳፍርም፤ የሠራ እጅ ይሻክራል፥ የሠራች ታንኳም ትጫጫራለች። የሚያሳፍረው እርጅናን በወጣትነት ዋጋ መሸጥ ነው።

አናጢው ኹለቱን አግዳሚዎች ለውጦ ታንኳዪቱ በኅዳር ወር ወደ ውሃ ወረደች። ያን ጊዜ ሰውዬው ለወጣቱ በውል ያልተጻፈ ሌላ ነገር ጨመረለት፤ ይኸውም የዘጠኝ ዓመት ዕውቀቱ ነው። «ጭነቱን በኹለቱም ታንኳ እኩል አድርግ። ነፋስ ሳይበረታ ሸራኽን ቀንስ፤ ከበረታ በኋላ እጅ አይበቃም። ሲመሽ ወደ ቄጠማው አትጠጋ፤ ጉማሬ አለ። ብሎኖቹን በየወሩ እይ። በየዓመቱ በበጋ ከውሃ አውጥተኽ አድርቃት፥ ቅጥራንም ቀባት፤ በመዶሻም እየመታኽ አድምጣት» አለው። ነውርን የሰወረ ሻጭ እንዲህ ያለ ምክር ለመስጠት አይችልም፤ የሚናገረው ኹሉ የሰወረውን እንዳይገልጥበት ይፈራልና፥ ገንዘቡን ተቀብሎ ከገዢው ይሸሻል።

ወጣቱ እናቱን፥ ባለቤቱንና ሕፃኑን አሳፍሮ ወደ ማዶ ተነሣ። ሰውዬውና ልጁ በዳር ቆመው ያዩ ነበረ። በመንገድም ሳሉ ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉ አንዱን ታንኳ ከፍ ሲያደርግ ሌላውን ዝቅ ያደርግ ነበረ፤ አግዳሚዎቹም ኹለቱን ይዘው ቆዩ። ታንኳዪቱ እያነሰች እያነሰች ኼዳ በማዶው ዳር ጥላ ውስጥ ገባች። በዚያን ጊዜ ልጁ ወደ አባቱ ዞረና፥ «አባባ፥ አዲሱን አግዳሚ ስንት ጊዜ ቀቡት?» አለው።

«አንድ ጊዜ» አለው አባቱ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም የምትሸጡት ነገር ሲኖራችኹ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡት።